የሉህ አሥራ አራት እንቁራሪቶች

ግንቦት 12

ጠዋት ስገባ ሰማያዊው ቀለም ደርቆ ጠበቀኝ። ክዳኑን ከፍቶ የተወው ማን እንደሆነ አውቃለሁ። መስኮቱ ሥር የሚቀመጠው አዲሱ ነዳፊ ነው። "እኔ አይደለሁም" ይላል ደግሞ። ጣቱ በሙሉ ሰማያዊ! ሳቄ መጣ፤ ግን ፊቴን አኮሳትሬ አለፍኩት። አንዴ ከሳቅኩላቸው አለቀ፣ አይፈሩኝም።

ጡረታ ልወጣ ሰባ ስምንት ቀን ቀረኝ። ካርታ ክፍል ውስጥ ሠላሳ አንድ ዓመት… አንድ መስመር አላጣመምኩም። ስሜን ትተው "ሚሊሜትር" ይሉኛል። በሌለሁበት ነው፣ የማልሰማ መስሏቸው። እሰማለሁ። ደስም ይለኛል፤ ግን ምን ብዬ ልንገራቸው?

ከሥራ ስመለስ እህቴ ለሽኝቴ የምትሰፋውን ቀሚስ ለካችልኝ። በመርፌ ወጋችኝ ደግሞ። "ምን ሚሊሜትር ትላላችሁ፣ ይቺ ሜትር ተኩል ሆናለች" ብላ ወገቤ ላይ ሳቀች። ታናሽ ናት እንግዲህ፣ ምን ይደረጋል።

ግንቦት 19

አንዲት ልጅ መጣች። ጥፍሮቿ ውስጥ አፈር፣ ቦርሳዋ ላይ የተሰፋ እንቁራሪት። ንጹሑ ጠረጴዛዬ ላይ ዘርግፋ ወረቀቶቿን አወጣች። "እማማ፣ የአካባቢው ካርታ እዚህ ነው የሚታየው?"

እማማ! ፀጉሬን ቀለም የተቀባሁት ለዚህ ነው?

ተመራማሪ ነኝ አለች። ከጡብ ፋብሪካው ጀርባ ያለውን ሜዳ ሦስት ዓመት አጥንታዋለች። አንድ ዓይነት እንቁራሪት አለ፣ ጣት የምታክል፣ ሆዷ ቢጫ። ከዚያ ሜዳ በስተቀር በዓለም ላይ የትም አልተገኘችም። የትም! እዚያ ላይ መጋዘን ሊሠራ ነው። ልጅቷ ለምክር ቤቱ አመልክታ ነበር፤ "ካርታው ላይ ረግረግ የለም፣ ደረቅ ሜዳ ነው" ብለው መለሷት። ረግረግ ተብሎ የተነደፈ መሬት ላይ መገንባት ክልክል ነዋ። ደረቅ ከተባለ ግን ማን ይከለክላል?

"ረግረግ ነው እኮ! በክረምት ሰው ይውጣል።"

"ልጄ፣ ካርታው ደረቅ ካለ ደረቅ ነው" አልኳት። ደንባችንንም አስረዳኋት። እያንዳንዱ የካርታ ሉህ ላይ ያለው መሬት ሁለት ጊዜ በእግር ይታያል፣ አንዴ በበጋ፣ አንዴ በክረምት። ከዚያ ነው ነዳፊው ከታች "ሁለት ጊዜ ታይቷል" ብሎ የሚፈርመው። ደረቴን ነፍቼ ነው የነገርኳት። ሉሁን ነገ አወጣልሻለሁ ብዬ ሸኘኋት።

ግንቦት 20

ሉህ አሥራ አራት። መሳቢያውን ሳብኩ… ፊርማው የኔ ነው።

ግንቦት 21

ሃያ ስድስት ዓመት። ግን ትናንት የሆነ ያህል አስታውሰዋለሁ።

በበጋ ሄድን፣ እኔና ሜትር ያዡ ጋሼ። መሬቱ ተሰነጣጥቋል። ደረቅ ሜዳ ብዬ ጻፍኩ። በክረምት ስንመለስ ዝናቡ ያወርደዋል። ጡብ ፋብሪካው አጥር ጋ ደረስን። እግሬ ላይ አዲስ ነጭ ጫማ ነበር፣ በሕይወቴ የመጀመሪያው ነጭ ጫማ። ጋሼ ጎንበስ ብለው አዩት። "ልጄ፣ ይሄ ቦታ በክረምት ሌላ ነው። ቦቲ አድርገሽ ተመለሺ" አሉኝ። እሺ፣ ነገ አልኩ። ነገ ሌላ ሥራ መጣ። በወሩ መጨረሻ የያኔው አለቃ ፊርማ ጠየቀ… ፈረምኩ።

ከሁለት መቶ በላይ ሉህ ነድፌአለሁ። ያላየሁት ይሄን ብቻ ነው። ይሄን ብቻ!

ባለ እንቁራሪቷ ልጅ ትናንት መጥታ ነበር። የመሳቢያው ቁልፍ ጠፋ አልኳት። ቁልፉ ኪሴ ውስጥ ነበር። በዚህ ዕድሜዬ ቁልፍ ደብቄ ልዋሽ? አፈር ልብላ።

ግንቦት 26

ከሥራ መልስ ነው። ሜዳውን ላየው ሄድኩ። እውነቱን ልጻፍ፣ ደረቅ ሆኖ ባገኘው ብዬ ነው የሄድኩት። ልጅቷ ዋሽታ ብትሆን እንዴት ደስ ባለኝ።

ደረቅ ነበር። እሰይ! ብዬ ሳልጨርስ ከሜዳው መሃል ባለ እንቁራሪቷ በማንኪያ አፈር ስትቆፍር አየኋት። በማንኪያ! በእጇ ጠራችኝ። ከስንጥቁ ውስጥ እንቁላል የሚያክል የደረቀ ጭቃ አውጥታ መዳፌ ላይ አስቀመጠችልኝ። በጥፍሯ ቀስ ብላ ፈለቀቀችው።

ውስጡ እንቁራሪት አለች። ዓይኗን ጨፍናለች። ጉሮሮዋ ብቻ ከፍ ዝቅ፣ ከፍ ዝቅ…

"ዝናብ እስኪነካት እንዲህ ትተኛለች" አለች ልጅቷ። "ስንት ወር ቢሆን ትጠብቃለች።"

ክው አልኩ። ያን ጊዜም በጫማዬ ሥር ነበሩ ማለት ነው። ቆሜባቸው ነው "ምንም የለም" ብዬ የጻፍኩት።

ዙሪያውን ቀይ ሪባን የታሰረባቸው ችካሎች ተተክለዋል። ምክር ቤቱ ሐምሌ 22 ካጸደቀ በነሐሴ ይቆፈራል። ልጅቷ እንቁራሪቷን መልሳ ቀበረቻት። "እማማ፣ ካርታውን ማን እንደሠራው ባውቅ…" አለች። ጨረሰችውም አልጨረሰችውም፣ እኔ ፊቴን ወደ ችካሎቹ አዞርኩ።

ግንቦት 27

ለእህቴ ነገርኳት። የሽኝት ቀሚሴን ጠርዝ እየቀመቀመች ነበር።

"ለእንቁራሪት ብለሽ?" አለች። "ሠላሳ አንድ ዓመት ያተረፍሽው ስምሽ ነው። እሱን ለእንቁራሪት?"

"ምን ላድርግ ታዲያ?"

 ክሩን በጥርሷ በጠሰች። "እኔ እንጃ። እኔ እጅጌ አጣምሜ ከሰፋሁ እፈታዋለሁ። ባለቤቱ ባያውቅም እፈታዋለሁ፤ ካልፈታሁት ያሳክከኛል።"

እኔንም እያሳከከኝ ነው።

ሰኔ 3

አለቃዬ ጋ ገባሁ። እርሳስ አቀራረጽ ያስተማርኩት ልጅ ነው፣ ዛሬ ክፍሉን ይመራል። ሁሉንም ዘረገፍኩለት። ተነስቶ በሩን ዘጋ።

"እትዬ፣ በጣም ቀላል ነው" አለኝ። "መሬቱ ካርታው ከተሠራ በኋላ ረግረግ ሆነ ብለው ይጻፉ። ማን ያውቃል?"

ደስ ሊለኝ ነበር! ግን ሞኝ አይደለሁ፣ ደንቡን አውጥቼ አነበብኩለት። ከካርታው በኋላ የመጣ ውሃ በቦይ ፈስሶ ቦታው ሊገነባበት ይችላል ይላል። የሚጠበቀው ከመጀመሪያውም ረግረግ የነበረው ብቻ ነው። ስለዚህ ውሸቱ እኔን ያድነኛል፣ እንቁራሪቶቹን ግን አያድናቸውም። ቀጥሎ ደግሞ የባሰው አለ። የሉህ ስህተት የሚያርመው የነደፈው ሰው ራሱ ነው፣ ምክንያቱን በጽሑፍ ገልጾ፣ በሥራ ላይ እያለ። በሥራ ላይ እያለ! ሐምሌ 30 ከወጣሁ በኋላ ማንም ሊነካው አይችልም።

አለቃዬ ላቡን ጠረገ። "እትዬ፣ የሽኝት ንግግሩን እኮ ጽፌ ጨርሻለሁ።"

"ምን ይላል?"

"'አንድም ስህተት ያልተገኘባት' ይላል።"

ሁለታችንም ወለሉን አየን።

ሰኔ 8

ዝናብ የለም። ደብዳቤም አልጻፍኩም። ሦስት እርሳስ ቀረጽኩ፣ ሦስቱንም ሰበርኩ።

ሰኔ 14

ዘነበ! ሌሊቱን ሙሉ ሲያወርደው አድሮ ጠዋት አባራ። አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ጡብ ፋብሪካው ጋ ነበርኩ። እግሬ ራሱ ነው የወሰደኝ።

ከአጥሩ ማዶ ሳልደርስ ሰማሁት። ትክ ትክ ትክ ትክ… ሺህ ሰው በጥፍሩ ብርጭቆ የሚመታ ነው የሚመስለው። ሜዳው የለም። ውሃ ነው፣ ሣር ነው፣ በየሣሩ ሥር ቢጫ ሆድ ነው። አንዷ ቦቲዬ ላይ ወጥታ ተቀመጠች። ጉሮሮዋን ነፍታ ትክ ትክ አለችብኝ። ተቆጣችኝ ልበል?

ቆሜ አለቀስኩ። እውነት ነው፣ እንደ ሕፃን። ይሄ ሁሉ ነገር እዚህ እያለ እኔ "ደረቅ ሜዳ" ብዬ… ለነጭ ጫማ ብዬ!

በቀጥታ ቢሮ ሄጄ ጻፍኩ። "በሉህ አሥራ አራት ላይ ሁለት ጊዜ ታይቷል ብዬ የፈረምኩት ሐሰት ነው። ያየሁት አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ምክንያቱ ስንፍና ነው። ሉሁን ለማረም እጠይቃለሁ።" የጫማውን ነገር አልጻፍኩም። ወጣሁ። ተመለስኩ። የጫማውንም ጻፍኩ። ማኅተም አስመትቼ ሰጠሁ።

ለባለ እንቁራሪቷ ራሴ ነገርኳት። "ካርታውን የሠራሁት እኔ ነኝ" አልኳት። ትጮህብኛለች ብዬ ነበር። ማስታወሻ ደብተሯን ከቦርሳዋ አወጣች። ከዚያ "መለካት መቼ እንጀምር?" አለች።

ሰኔ 15

ቢሮው ጸጥ ብሏል። ሰላምታ እንኳ በሹክሹክታ ሆነ። በኮሪደሩ ሳልፍ አንዱ "ሚሊሜትር ኪሎሜትር ሆነች" ሲል ሰማሁ፣ ሌላው በአፍንጫው ሳቀ።

ደሜ ፈላ። ተመልሼ ልደፋው ነበር። ግን ምን ብዬ? ውሸት አልተናገረ።

ቤት ስገባ ለእህቴ ነገርኳት። መቀሷን አስቀምጣ ሳቀች! እየሳቀች እያለ ዓይኗ ውሃ ሞላ። አቀፈችኝ። እንዲህ ካቀፈችኝ ስንት ዓመቷ…

ሰኔ 22

የዓመት ዕረፍቴን ወሰድኩ። የመጨረሻ ዕረፍቴ ነው፣ ጭቃ ውስጥ ላሳልፈው።

ጋሼን ቤታቸው ሄጄ አገኘኋቸው። ከዘራ ይዘዋል፣ ጉልበታቸው አይታጠፍም። ዓይናቸው ግን ያው ነው። ገና በሩ ላይ እንደቆምኩ "ቦቲ አደረግሽ?" አሉኝ።

"አደረግኩ ጋሼ።"

"ሃያ ስድስት ዓመት ዘገየሽ።"

"አውቃለሁ ጋሼ።"

"ጃንጥላዬን አምጪልኝ።"

ከዚያ ወዲያ ማን ያስቆማቸው! በርጩማቸውን አጥሩ ጋ አስተክለው፣ ጃንጥላ ዘርግተው፣ ከዚያ ሆነው ያዙናል። ባለ እንቁራሪቷ የመለኪያ ዘንጉን ትይዛለች፣ እኔ በመለኪያው መነጽር አነባለሁ። "ዘንጉ ዘመመ!" ይላሉ ጋሼ። ከመቶ ሜትር ርቀት! መነጽር ያለኝ እኔ ነኝ፣ የሚያየው እሳቸው።

ሰኔ 29

ግራ ቦቲዬን ረግረጉ ዋጠው። ባለ እንቁራሪቷ በሆዷ ተኝታ ፈልጋ አጣችው። ጋሼ ከበርጩማቸው ሆነው "ምን ታደርጊዋለሽ፣ የመሬቱ ድርሻ ነው" አሉ። በአንድ ቦቲና በአንድ ካልሲ ሦስት ሰዓት ሠራሁ። ጣቶቼ መሃል ጭቃው ሲገባ… ደስ አይልም ብዬ ልዋሽ? ደስ ይላል።

ዛሬ ዋናውን ነገር አገኘን። መሬቱ ዛሬ ረግረግ መሆኑን ማንም ያያል። ያኔም እንደነበረ በምን እናሳይ? ይሄ ነበር የሚያስጨንቀኝ። ልጅቷ ረጅም የብረት ቧንቧ ወደ መሬቱ ሰክታ አፈሩን መዝዛ አወጣች። ጥቁር፣ የበሰበሰ የሸምበቆ ሥር፣ ሽታው የድሮ ጉድጓድ። አንድ ሜትር ተኩል ሙሉ። "ይሄ በሃያ ስድስት ዓመት አይሠራም እማማ" አለች። "በመቶዎች የሚቆጠሩ ዓመታት ይፈጃል።" በሃያ ቦታ ወጋን። ሃያውም ቦታ ጥቁር ነው!

እማማ ማለቷን አልተውም አለች። እኔም መቆጣቴን ተውኩ።

ሐምሌ 10

ሉሁ አለቀ። ዳሩን በየሃያ እርምጃው ለክተን አርባ ሦስት ሄክታር ሆነ። ሰማያዊውን በእጄ ቀባሁት። አዲሱ ነዳፊ ቀለሙን ራሱ በጥብጦ አመጣልኝ። አጠገቤ ቆሞ ያያል፣ አይሄድም። "ምን ትገተራለህ?" አልኩት። "እጅዎን እያየሁ ነው" አለ። ክዳኑን ከፍቶ እንዳይተወው ነግሬው ሳቅኩ። ሳቅኩለት! በቃ፣ ተበላሸሁ።

ሐምሌ 22

ዛሬውኑ ልጻፈው።

አዳራሹ ሙሉ ነበር። ዘጠኝ የምክር ቤት አባላት፣ መሃል ላይ ሰብሳቢዋ፣ ጠና ያለች ሴት፣ መነጽሯን በአፍንጫዋ ጫፍ የምታደርግ። ደብዳቤዬን ጮክ ብላ አነበበችው። "ምክንያቱ ስንፍና ነው" የሚለው ላይ ስትደርስ አዳራሹ አጉረመረመ። ነጭ ጫማው ላይ ስትደርስ ሳቁ። ጆሮዬ ድረስ ጋልኩ። እህቴ ከኋላ ነበረች፤ የሚስቀውን ሁሉ ዞራ ዞራ ስታፈጥበት አየሁ።

የጥቁሩን አፈር ነገር ልጅቷ አስረዳች። ጋሼ መሰከሩ። ያኔም ረግረግ እንደነበር፣ እኔን እንዳስጠነቀቁኝ፣ እኔ እንዳልሰማሁ። አላለዘቡልኝም።

ከዚያ የመጋዘኑ ጠበቃ ተነሳ። ጫማው መስታወት ነው፣ ፊት ያሳያል።

"እመቤቴ፣ ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ሐሰተኛ ፊርማ ይዘው ዝም ብለዋል?"

"አዎ።"

"የመጀመሪያው ፊርማዎ ውሸት ከሆነ ሁለተኛውን ለምን እናምናለን?"

  ልክ ነው እኮ!  አለቃዬን አየሁት፣ ጣሪያውን ያያል። ልጅቷን አየኋት፣ ከንፈሯን ነክሳለች። አለቀልን አልኩ። አርባ ሦስት ሄክታር በኔ ፊርማ ዳነ ስል በኔ ፊርማ ሊሞት…

ከየት እንደመጣልኝ አላውቅም። "አይመኑኝ" አልኩ። "እኔም ብሆን ራሴን አላምንም። ፊርማዬን ይተዉት፣ እግርዎን ይመኑ። ነገ ይምጡና በሜዳው ላይ ይራመዱ። ደረቅ ከሆነ መጋዘንዎን ይሥሩ፣ እኔም ጡብ አቀብላለሁ።"

ሰብሳቢዋ መነጽሯን አወለቀች። አባላቱን አየች። "ነገ ሁለት ሰዓት፣ ጡብ ፋብሪካው ጋ" አለች።

ሐምሌ 23

እልልልልል! መጻፍ እንኳ አልችልም። ቀስ ብዬ ልጀምር።

ሁሉም መጡ። ዘጠኙም፣ ጠበቃውም፣ እህቴም ሱቋን ዘግታ። ከቢሮም ሰዎች መጥተዋል፣ አዲሱ ነዳፊ ፊት ለፊት። ካፊያ ነበር። እንቁራሪቶቹ ከጠዋቱ ጀምሮ ትክ ትክ ትክ፣ ሰው የሚያወራው አይሰማም። አባላቱ ከአጥሩ ሳያልፉ ቆሙ።

ጠበቃው ግን ኩሩ ነው። አሮጌውን ሉህ በእጁ ይዞ "በሕጋዊው ካርታ መሠረት ይህ ደረቅ ሜዳ ነው" ብሎ ገባ። አንድ እርምጃ። ሁለት። ሦስተኛው ላይ "እም" አለ። አራተኛው ላይ እስከ ጉልበቱ ገባ።

ጋሼ ከበርጩማቸው ሆነው "አይዞህ ልጄ፣ ካርታው ደረቅ ነው ብሏል፣ ቀጥል!" አሉት።

ሰብሳቢዋ ሆዷን ይዛ ሳቀች። ሁሉም ሳቀ። እኔ ግን መሳቅ አልቻልኩም። ዘንጉን አቀብዬ ጎተትኩት። እግሩ ሲወጣ ጫማው ቀረ። በካልሲው ቆሞ ሲያየኝ የነጭ ጫማዬ ነገር ትዝ ሳይለው አልቀረም። አንዷ እንቁራሪት ክርኑ ላይ ዘለለች። እንዳያራግፋት ፈርቼ ነበር። አላራገፋትም። ጉሮሮዋን አየ፣ ከፍ ዝቅ።

"ይቺ ናት?" አለኝ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

"ይቺ ናት።"

"ይቺው ብቻ?"

"እዚህ ብቻ ናት ያለችው። ሌላ የትም የለችም።"

 መዳፉን ሣሩ ላይ አድርጎ እስክትወርድ ጠበቃት። ከዚያ ለሰብሳቢዋ "የምጨምረው ነገር የለኝም" አላት። ሰውየውን ስጠላው ነው ያደርኩት፣ አሁን ምን ላድርገው?

ድምፅ የሰጡት እዚያው የጡብ ፋብሪካው ዳስ ሥር ነው። ሰብሳቢዋ "ሉህ አሥራ አራት ይታረም፣ ቦታው ረግረግ ተብሎ ይጠበቅ የምትሉ" አለች። ቆጠርኩ። አንድ፣ ሁለት፣ አምስት… ስምንት እጅ። አንዱ ብቻ አልደገፈም፣ እሱም ተዐቅቦ ነው። መጋዘኑ ከድንጋይ መፍለጫው ማዶ ወዳለው ጠጠራማ መሬት እንዲሄድም ወሰኑ።

ባለ እንቁራሪቷ መጮህ ጀመረች፣ ቃል የለውም፣ ዝም ብሎ ጩኸት። አንገቴ ላይ ተጠመጠመች። እህቴ እልልታዋን አቀለጠችው። ጋሼ ጃንጥላቸውን ዘጉትና በዝናቡ ፊታቸውን ወደ ላይ አደረጉ። እንባቸውን እንዳናይ ነው፣ አውቃቸዋለሁ። እኔ ደግሞ ጮቤ ረገጥኩ። ጭቃ ላይ ጮቤ ሲረገጥ ምን ይሆናል? ወደቅኩ። በቂጤ! ማንም ሊያነሳኝ አልቻለም በሳቅ። ልነሳም አልፈለግኩም።

ሐምሌ 24

ሰውነቴ በሙሉ ያመኛል። እንዲህ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ሐምሌ 30

የመጨረሻ ቀን።

አለቃዬ ንግግሩን ከኪሱ አወጣ። አንድ መስመር ተሰርዟል፣ ከዳር ሆኜ አይቻለሁ። አነበበ፣ ከዚያ ወረቀቱን አጠፈና "እርሳስ መቅረጽ ያስተማረችኝ እሷ ናት" አለ።  ተቀመጠ። ጥሩ ንግግር ነበር።

አዲሱን ሉህ ፈርሜ መሳቢያው ውስጥ ራሴ አስገባሁት። ቁልፉን መለስኩ። በኮሪደሩ "ኪሎሜትር" ያለኝ ሰውዬ ዕቃዬን እስከ በር ተሸከመልኝ፤ ዓይኔን ማየት አልቻለም። "በርታ" አልኩት፣ ሌላ ምን ልበለው።

ነሐሴ 2

ጡረታ። ምን ይሠራበታል? የእህቴን መርፌዎች በቁመታቸው ደረደርኩላት። ከሱቋ አባረረችኝ።

ነሐሴ 5

ባለ እንቁራሪቷ ወሰደችኝ። ውሃው ዳር ጭራ ያላቸው ግልገሎች ይርመሰመሳሉ። ልቁጠራቸው ብዬ ሦስት መቶ ላይ ጠፋብኝ። "ከአምናው በእጥፍ ይበልጣሉ" አለች ልጅቷ። ቀዮቹ ሪባኖች ተነቅለዋል። አጥሩ ላይ "ጥብቅ ረግረግ" የሚል ሰሌዳ ቆሟል። ሰሌዳው ትንሽ ዘሟል። ራሴ አስተካከልኩት።

ነሐሴ 9

ከሰዓት በኋላ በሩ ተንኳኳ። አዲሱ ነዳፊ ነው። ዝናብ አበስብሶታል፣ በብብቱ የተጠቀለለ ነገር ይዟል። ግባ ብለው እምቢ አለ። እምቢ እያለ ገባ።

"ሉህ ሁለት መቶ ስምንት" አለኝ። "አምና የሠራሁት ነው። በክረምቱ… አልሄድኩም።"

 ወንበር ሳብኩለት።

አልተቀመጠም ገና፣ እንደገና ተንኳኳ። ኪሎሜትር ያለኝ ሰውዬ። ሁለት ሉህ ይዟል። ከበስተኋላው ከመዝገብ ክፍል አጠገብ የምትሠራዋ ነዳፊ፣ እሷ ሦስት። እንደ ሌባ አንገታቸውን ደፍተው ገቡ። ማንም ማንን አያይም። ማን ምን እንደያዘ ግን ሁሉም አውቆታል። እህቴ የስፌት ጠረጴዛዋን ጨርቅ ሰብስባ "አስቀምጡት እንግዲህ፣ አይነክስም" አለች።

ሉሆቹን ዘርግተን ስንቆጥር ስድስት ሆኑ። አንዱ ሐይቅ ዳር ነው፣ አንዱ ገደል ሥር፣ አንዱ ማንም የማይሄድበት ቁጥቋጦ። ሁሉም ላይ ሁለት ጊዜ ታይቷል ይላል። ማን አየው? ምን ይኖርበት ይሆን? 

ልንጠቀልላቸው ስንል አንድ ሰው በሩ ላይ ቆሟል። አለቃዬ። ጃንጥላ እንኳ አልያዘም። ሉሁን ጃኬቱ ውስጥ ደብቆ ደረቱ ሁሉ ጉብ ብሏል።

"ሠላሳ ሁለት" አለ። "ወንዙ ማዶ ያለው ጫካ። እትዬ፣ ያኔ ገና ልጅ ነበርኩ… ውሻ አሯሯጠኝ። አልተመለስኩም።"

መጀመሪያ የሳቀችው እህቴ ናት። ከዚያ እሱ ራሱ። ከዚያ ሁላችንም፣ እንባችን እስኪወርድ። ያን ያህል ዓመት አንድ ክፍል ውስጥ ጎን ለጎን ተቀምጠን እያንዳንዳችን ብቻችንን ነበርን ማለት ነው? ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ፈርተውኝ አልነገሩኝም። ዛሬ ያልፈሩኝ ለምን እንደሆነ ገባኝና እህቴ እንዳታየኝ ወደ መስኮቱ ዞርኩ።

"ሁላችሁም ገና በሥራ ላይ ናችሁ" አልኳቸው። "ማረም ትችላላችሁ። ክረምቱም ገና አላለቀም።"

"ማን ይመራናል ታዲያ?" አለ አለቃዬ።

ሁሉም እኔን አዩ። "እኔ እኮ ጡረተኛ ነኝ" አልኩ። ማንም አልሰማኝም። አዲሱ ነዳፊ ሉሆቹን በቦታቸው ቅርበት መደርደር ጀምሯል፤ የቱ ከየቱ እንደሚቀድም ኪሎሜትር ካለኝ ሰውዬ ጋር ይጨቃጨቃሉ። ተጠግቼ አየሁ። አደራደሩ ልክ አልነበረም፣ ሠላሳ ሁለትን ወደ ፊት ሳብኩት።

ነገ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ወንዙ ማዶ እንገናኛለን። ሰባት ሉህ ነው።